ጓሮው ያስተማረው ምላስ

ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኙ ቅጠል ነው። የቡናው ቅጠል፣ ከቡናው በላይ ጥላ የሚጥሉት የትልልቅ ዛፎች ቅጠል፣ ከሥር እርጥቡ መሬት ላይ የሚበቅለው የኮረሪማ ቅጠል፣ በየቤቱ ዙሪያ ደግሞ የእንሰቱና የጎደሬው ሰፋፊ ቅጠል። በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ የሚወርድበት ይህ ምድር አረንጓዴነቱን የሚጥልበት ወር የለውም። በዚህ ሁሉ ልምላሜ መካከል የሚያድግ ሕፃን ግን የቀረበለትን ጎመን በጣቱ ለይቶ ወደ ሳህኑ ዳር ይገፋዋል። እናቱ ትለምነዋለች፣ ትቆጣዋለች፣ በመጨረሻም ትተወዋለች።

ይህ የዛሬ ልጆች አመል ይመስለናል። ከሱቅ ብስኩት፣ ከከረሜላና ከለስላሳ ጋር የመጣ አዲስ ጣጣ አድርገን እንቆጥረዋለን። ወደ ኋላ መለስ ብሎ ለሚመረምር ግን እንቢታው ከልጁ አይጀምርም። ከአባቶቻችንና ከእናቶቻችን መሬት፣ ቋንቋና ሃይማኖት እንደወረስን ሁሉ ለቅጠል ያለንን ስሜትም ወርሰናል። ልጁ ደግሞ ከእኛ እየተቀበለው ነው።

«ጎመን በጤና» የምንለው ለመጽናናት ነው። ሥጋው ቢቀር፣ ቅቤው ቢቀር፣ ጤና ካለ ጎመንም ይበቃል ማለታችን ነው። አባባሉ ጤናን ከፍ አድርጎ ሲያከብር ጎመንን ከመሶቡ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ያኖረዋል። እንግዳ ሲመጣ ጎመን ብቻ ያቀረበች ባለቤት ታፍራለች። ልጅ ይህን ሁሉ ይሰማል። የትኛው ምግብ ሲቀርብ የቤቱ ፊት እንደሚፈካ፣ የትኛው ሲቀርብ ይቅርታ እንደሚጠየቅበት ከመናገሩ በፊት ያውቃል።

ይህ ስሜት ያለ ምክንያት አልመጣም። የሐበሻ ጎመን የገዛ ምድራችን ሰብል ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ አገራችን የመጣው ሩሲያዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ኢትዮጵያን ከዓለም የሰብል መገኛ ማዕከላት አንዷ አድርጎ መዘገባት። ከ8 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1935፣ ናጋሃሩ ኡ የተባለ በጃፓን የሚሠራ ተመራማሪ የሐበሻ ጎመን ከጥቁር ሰናፍጭና ከጥቅል ጎመን ወገን ተዳቅሎ የተገኘ መሆኑን አሳየ። በቅጠሉ ውስጥ የሚሰማን ያ ምላስ የሚቆነጥጥ ምሬት ከሰናፍጩ ወገን የወረሰው ነው። ይህን ቅጠል ግን ሕዝባችን በብዛት የበላው ጎተራው ሲጎድል ነበር። ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ ያለፈው እህል አልቆ አዲሱ ሳይደርስ፣ ብዙ የደጋ ቤተሰብ ክረምቱን የተሻገረው በጎመን ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በዘለቀው ክፉ ቀን የከብት እልቂት በሬውን ፈጅቶ እርሻ ሲቆም ሰው ፊቱን ወደ ዱር ቅጠልና ሥራ ሥር አዞረ። በ1966ም በ1977ም የወሎና የትግራይ ገበሬ ያንኑ መንገድ ደገመው። ቅጠል መልቀም የመከራ ምልክት ሆኖ በአእምሯችን የቀረው በዚህ የተነሣ ነው።

እሳት ያልነካው ቅጠል ደግሞ ከዚህም የራቀ ታሪክ አለው። ጥሬ ቅጠል በጥሶ መብላት በባህላችን የሁለት ሰዎች ድርሻ ነበር፤ የባሕታዊና የተራበ ሰው። ባሕታዊው ዓለምን ንቆ በገዳም በረሃ ቅጠል ሲበላ ክብር ነው። በዋልድባ እህል የማይቀምሱ መነኮሳት ቋርፍ የሚባል የገዳም ምግብ እየበሉ እንደሚኖሩ የማያውቅ ጥቂት ነው። የተራበው ሲበላ ግን የሚታዘንለት ነው። በቅድስናና በጠኔ መካከል ለአንድ ተራ ጤነኛ ልጅ ጥሬ ቅጠል የሚበላበት ቦታ አልተበጀለትም።

ልጆች ራሳቸው ግን ቦታውን አበጅተው ነበር። በደጋው አገር ከብት ጠባቂ ልጅ የእምቧጮን ለጋ ግንድ ልጦ ይበላል። የሽምብራ እሸት ሲደርስ ከነግንዱ ነቅሎ፣ ጨው ጨው የሚለውን ቅጠሉን እየላሰ ፍሬውን ይፈለፍላል። የባቄላ እሸትና የአተር እሸት እሳት አይጠብቁም። እሸት የሚለው ቃል በአማርኛ ደስታ አለበት፤ የአዲስ ዓመት፣ የጥጋብ፣ የልጅነት ሽታ አለበት። አንድ ሕዝብ ጥሬ አረንጓዴን «ቅጠል» ብሎ ሲጠራው የሚሸሸውን «እሸት» ብሎ ሲጠራው የሚሻማበት መሆኑ ስለ ምግብ ካነበብኳቸው ነገሮች ሁሉ በላይ ያስተማረኝ ነገር ነው። ልጅ የሚቀበለው ስሙን፣ አጋጣሚውንና አብሮት የሚበላውን ሰው ጭምር ነው።

ወደ ደቡብ ምዕራብ ስንወርድ የቅጠል ታሪክ ሌላ መልክ ይይዛል። እ.ኤ.አ. እስከ 1897፣ ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ ተማርኮ መንግሥቱ እስኪያከትም ድረስ፣ ከፋ የራሱ ንጉሥ የነበረው አገር ነው። በዚህ አገርና በዙሪያው ባሉት በሸካ፣ በቤንች፣ በሸኮና በማጃንግ ምድር ገበታው በጤፍ ላይ ብቻ አልቆመም። እንሰት፣ ጎደሬ፣ ቦዬና በቆሎ ከጓሮ ቅጠል ጋር ሆነው ቤተሰብ አኖሩ። የሥራ ሥር ምግብ ብቻውን ደረቅ ነው፤ ቆጮም ጎደሬም አጠገቡ የሚያርሰውና የሚያጣፍጠው ነገር ይፈልጋል። ስለዚህ ጎመኑ፣ የዱባው ለጋ ቅጠል፣ በማሳ ዳር ሳይዘራ የሚበቅለው አሉማ ገበታው ላይ የየዕለት ቦታ አገኙ። ረኀብ እስኪመጣ አልጠበቁም።

የቡናን ነገር ደግሞ አስቡት። ዓለም ይህን ምድር የሚያውቀው በፍሬው ነው። በቤንች፣ በሸኮና በማጃንግ አካባቢ ግን ጠዋት ቤቱን የሚያሞቀው ጨሞ የሚፈላው ከቡናው ቅጠል ነው። ቅጠሉ ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከሚጥሚጣና ከጓሮ ሽታ ሽቱ ጋር ተፈልቶ ይጠጣል። ፍሬው ለገበያ ይወጣል፤ ቅጠሉ ቤት ይቀራል። ከዚሁ አካባቢ ደን፣ ከጌሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተለቀመ የቡና ዘር በታንዛኒያና በኮስታሪካ አድርጎ ፓናማ ደርሶ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በጨረታ የዓለምን የዋጋ ክብረ ወሰን ሰበረ። የጎመን የቅርብ ዘመዶችም እንዲሁ በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች የጤና ምግብ ተብለው በውድ ይሸጣሉ። ውጭ አገር ከብሮ ሲመለስ የምናከብረው፣ ጓሮ ሳለ የማናየው ነገር ብዙ ነው።

አንድ ጊዜ በሚዛን አማን ገበያ ጎመንና የዱባ ቅጠል ዘርግተው የሚሸጡ አንዲት እናት ዘንድ ቆሜ ጠየቅሁ። «እማማ፣ ይህን ቅጠል ልጆች ጥሬውን ቢበሉትስ?» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። «የትኛውን ቅጠል ነው የምትለኝ ልጄ? ሁሉም ቅጠል አንድ ነው እንዴ?» ካሉ በኋላ በጣታቸው እየጠቆሙ ይለዩልኝ ጀመር። የዱባው ቅጠል ሻካራ ነው፤ ጅማቱ ተላጦ እሳት ይፈልጋል። ጎደሬ ቅጠሉም ሥሩም ጥሬውን ከተነካ ጉሮሮ ያሳክካል፣ ልጅ ያስለቅሳል። ጎመን ለጋው እምቡጥና አገዳው ጥሬውን ይበላል፤ የጠነከረው ቅጠል ግን ድስት ይወዳል። በሶብላና ድንብላል እሳት አይጠይቁም።

እኚህ እናት ያሉትን ቤተ ሙከራም ይለዋል። በጎደሬ ውስጥ እንደ መርፌ የሾሉ የካልሲየም ኦክሳሌት ቅንጣቶች አሉ፤ አፍና ጉሮሮ የሚወጉት እነሱ ናቸው፤ በደንብ ሲቀቀል ጉዳቱ ይለዝባል። የካሳቫ ቅጠል ጥሬውን ሲያኝኩት ሲያናይድ ያመነጫል። የጎመን ወገን የሆኑ ቅጠሎች በጥሬያቸው በብዛት ሲበሉ አዮዲን ባነሰበት አካል ውስጥ የእንቅርትን ዕጢ ሥራ ያውካሉ። ዝናብ አፈሩን በሚያጥብበትና እንቅርት ለብዙ ትውልድ በኖረበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እኚህን እናት የመሰሉ ሴቶች የኬሚካሉን ስም አያውቁም። የትኛው ቅጠል ከእሳት ጋር፣ የትኛው ያለ እሳት እንደሚበላ ግን ያውቃሉ፤ ዕውቀቱም ከእናት ወደ ልጅ የተሻገረው ጎን ለጎን ሆነው ሲለቅሙ ነው።

ያለፈውን ሁሉ ለማሞገስ ግን አልተነሣሁም። በብዙ የአገራችን ክፍል ነፍሰ ጡር ሴት ጎመን እንዳትበላ ትከለከል ነበር፤ ዛሬም የምትከለከልበት ቤት አለ። ቅጠሉ በፅንሱ ራስ ወይም ገላ ላይ ይለጠፋል ይባላል። በዚህ ክልከላ እናቲቱ ደም የሚሆናትን ምግብ ታጣለች፤ ከዚያም የማናየው ሌላ ኪሳራ አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ጁሊ ሜኔላና ባልደረቦቿ ባወጡት ጥናት እናቶቻቸው በእርግዝና ወይም በጡት ማጥባት ወቅት የካሮት ጭማቂ የጠጡላቸው ሕፃናት በኋላ የካሮት ጣዕም ያለበትን ምግብ በተሻለ ደስታ ተቀበሉ። የእናት ምግብ ጣዕም በእንሽርት ውኃና በጡት ወተት በኩል ወደ ልጁ ይደርሳል። እንግዲህ በማኅፀን ሳለ ጎመን የተከለከለ፣ በጡት ዘመኑ ጎመን ያልቀመሰ ልጅ በ8ኛው ወሩ ጎመን ሲቀርብለት ባዕድ ይሆንበታል። ሕፃን በተፈጥሮው ጣፋጭን ይወዳል፣ መራራን ይሸሻል፤ በዱር ውስጥ መራራ ብዙ ጊዜ መርዝ ስለሆነ ይህ ሽሽት ጠብቆናል። ፍርሃቱን የሚያለዝበው መተዋወቅ ነው። አንድ ልጅ አዲስ አትክልት እስኪቀበል ድረስ 8፣ 10፣ አንዳንዴም 15 ጊዜ መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል። እኛ በሦስተኛው ተስፋ እንቆርጣለን።

ሌላው የተሳሳተ ውርስ ማስገደድ ነው። በቀደመው ጊዜ ሕፃን በጭን ላይ አጋድሞ አጥሚቱን በመዳፍ እያፈሰሱ ማጠጣት የተለመደ ነበር። ልጁ ታፍኖ ይውጣል፤ እናትም ግዴታዋን ተወጣች። በአንጻሩ ደግሞ ጉርሻ አለ። ጉርሻ ከሚወዱት ሰው እጅ፣ ከራሱ ማዕድ ተቆርሶ የሚሰጥ ነው። ያጎረሰው ሰው ራሱ እየበላ ነው፤ ልጁም ያየዋል። አያት ከራሷ ቆጮና ጎመን ትንሽ ጠቅልላ ለልጅ ልጇ ስታጎርስ ምክር አትሰጥም፣ ስለ ቫይታሚንም አታወራም። በአንድ ባህል ውስጥ ሁለቱ እጆች፣ የሚያስገድደውና የሚያጎርሰው፣ አብረው ኖረዋል። ከተማው የወረሰው የትኛውን እንደሆነ ሳስብ አዝናለሁ፤ ስልክ ላይ ካርቱን ከፍቶ ልጁ ሳያውቀው ማንኪያ ማስገባት የመዳፉ አጥሚት ልጅ ነው።

የ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ለሕፃናት ምግብ አዲስ ምዕራፍ ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1962 ከስዊድን ጋር በተደረገ ስምምነት የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ተቋቋመ፤ በኋላም የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። ከዚያ ሥራ የተወለደው ፋፋ ስሙም እንደ ምርቃት ነው፤ ልጅ ይፋፋ ዘንድ። እህልን፣ ጥራጥሬንና የወተት ዱቄትን አዋሕዶ የብዙ ሕፃናትን ሕይወት ታደገ፤ ውለታው ትልቅ ነው። ነገር ግን በዚያው ዘመን የሕፃን ምግብ ማለት በማሸጊያ የሚመጣ ነጭ ዱቄት ነው የሚል ሐሳብ በከተማ ሰው ልቡና አደረ። የጓሮው ቅጠል የድሃና የገጠር ሆኖ ቀረ።

በቡናው ምድርም ጓሮው ራሱ ተለወጠ። የበበቃና የቴፒ ሰፋፊ የቡና እርሻዎች የጉልበት ሠራተኛን ከየአቅጣጫው ሳቡ። ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ ማግስት ከወሎና ከትግራይ የተነሡ ቤተሰቦች በከፋና በኢሉባቦር ክፍለ ሀገራት ሰፈሩ፤ በደረሱበትም እንግዳ የሆነባቸውን ጎደሬ ማብሰልን ከነባሩ ጎረቤት ተማሩ። በረኀብ ወቅት ቅጠል ያስለቀሳቸው ሰዎች ቅጠልን እንደ ዕለት ምግብ ከሚያይ ሕዝብ ጋር ተጎራበቱ። ይህ መገናኘት ብዙ ሊያስተምረን ይችል ነበር፤ የጻፈው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ከሁሉም በላይ ጓሮውን የለወጠው ገንዘብ ነው። የቡና ዋጋ ሲወጣ ቡናው እስከ ቤቱ ግድግዳ ይደርሳል፤ ሲወርድ ደግሞ በብዙ ቦታ ጫት ይተካዋል። ጎመኑ ያለበት መደብ የሴቷ ነበር፤ ዘሩን የምታስቀምጠው፣ የምትኮተኩተው፣ የምትለቅመው፣ የተረፈውን ገበያ አውጥታ ጨውና ሳሙና የምትገዛበት እሷ ነች። የቡናው ገንዘብ ግን በወንዱ እጅ ይገባል። መደቡ ሲጠብብ የሴቷ ገቢ ብቻ አልጠበበም፤ ልጁ ቅጠል የሚተዋወቅበት ቦታም አብሮ ጠፋ። የጫቱ ነገር ደግሞ ከሁሉ ይከብደኛል። በዘመናችን አዋቂ ሰው በየቀኑ ትኩሱን፣ ለጋውን መርጦ፣ ያለ እሳት የሚበላው ቅጠል ጫት ነው። ልጅ አባቱ ቅጠል ሲመርጥ፣ ሲያወድስ፣ በክብር ተቀምጦ ሲያኝክ ያያል። ያ ክብር ለጎመን ሲሰጥ አያይም።

ውጤቱ በቁጥር ይታያል። በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 58 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ በ2019 ቁጥሩ ወደ 37 በመቶ ወርዷል። ትልቅ ድል ነው፤ ግን አሁንም ከሦስት ሕፃናት ከአንድ በላይ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ ጥናት ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ካሉት 57 በመቶው ደም ማነስ ነበረባቸው። ይህን ለምለም ምድር ያቀፈ የነበረው የቀድሞው ደቡብ ክልል የመቀንጨር ቁጥር ከአገሪቱ አማካይ እምብዛም አይለይም ነበር። ልምላሜ በምድር ላይ መኖሩ በሕፃኑ ሳህን ላይ መገኘቱን አያረጋግጥም። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ቃል ኪዳን መቀንጨርን እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቆም ቃል ገባ። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት ወተትን፣ እንቁላልን፣ ዶሮንና ማርን ወደ ሌማቱ መለሰ። ቅጠሉም ከነዚህ ጎን እኩል ክብር ይገባው ነበር እላለሁ።

አሁን ደግሞ ሌላ ማዕበል መጥቷል። በአዲስ አበባም በውጭም የሚኖሩ አንዳንድ ወጣት ወላጆች ልጆቻቸውን እሳት ባልነካው ምግብ ለማሳደግ ይሻሉ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ከመቶ ዓመት በፊት በዙሪክ የነበረው ሐኪም ማክሲሚሊያን ቢርኸር ቤነር ለበሽተኞቹ ጥሬ ፍራፍሬና አትክልት እያዘዘ ዝናው አውሮፓን ሞልቶ ነበር። በሐሳቡ ውስጥ እውነት አለ። ቫይታሚን ሲ በሙቀት ይጠፋል፤ ፎሌት በተደፋው የመቀቀያ ውኃ ይሄዳል። ለሰዓታት ተቀቅሎ ውኃው የተደፋ ጎመን ብዙ ነገሩን አጥቷል። ሆኖም በካሮትና በጥቁር አረንጓዴ ቅጠሎች ውስጥ ያለውን፣ አካላችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠውን ቀለም ሰውነት በተሻለ የሚያገኘው ቅጠሉ ለስለስ ብሎ ሲበስልና ቅባት ሲነካው ነው። ጎመን በቅቤ የሠሩ እናቶቻችን ለጣዕም ያደረጉት ነገር ለዓይንም ሆነ። ያ ባይሆን ዳፍንት ዛሬ ከምናውቀው በላይ ሊበዛ ይችል ነበር።

ስለዚህ ሕፃንን በጥሬ ምግብ ብቻ ማሳደግን አልደግፍም፤ ይህን ለዘብ አድርጌ ልናገረው አልችልም። የሕፃን ሆድ ትንሽ ነው፤ ቅጠል ቦታ ይይዛል፣ ኃይል ግን ጥቂት ነው። በዕፀዋት ውስጥ ቫይታሚን ቢ 12 የለም፤ በሕፃንነት ሲጎድል አእምሮና ነርቭ ይጎዳል፣ ጉዳቱም ላይመለስ ይችላል። ቤተ ክርስቲያናችን በዓመት ውስጥ ብዙ ቀን ጾም ስትሠራ ከ7 ዓመት በታች ያለውን ልጅ በተለምዶ አላስጾመችም። አዋቂ ለነፍሱ የመረጠውን ተጋድሎ በልጅ ትከሻ ላይ አለመጫን ከጥንት የቆየ ጥበብ ነው። እንቁላልና ወተት፣ በእህልና በጥራጥሬ የተሠራ ገንፎ ከሕፃኑ ማዕድ አይውጡ።

ንጽሕናው ሌላ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሞ በወጣ ጥናት ከጅማ ከተማ ገበያዎች ከተወሰዱት የአትክልትና ፍራፍሬ ናሙናዎች ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ ጥገኛ ተውሳክ ተገኝቷል። የወስፋት እንቁላል በኮምጣጤ በቀላሉ አይሞትም፤ ቅጠሉን አንድ በአንድ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ ማጠብ ይሻላል፤ ከሁሉም ግን ከመጸዳጃ ርቆ በራስ ጓሮ ያደገ ቅጠል ይመረጣል። ንጹሕ ውኃ በሌለበት ቤት እሳት ዋናው ጠባቂ ሆኖ ይቆያል። ቅጠሉን የቀቀሉት እናቶች ባለማወቅ አልቀቀሉትም።

ጥሬው ግን ቦታውን ይያዝ፤ ቦታውን ደግሞ ከራሳችን ገበታ ማግኘት ይቻላል። ቲማቲም ፍትፍት የማይወድ ልጅ ጥቂት ነው፤ በደቀቀ ሰላጣና በሎሚ ሲታሽ ቅጠሉ ከቲማቲሙ ጋር ይገባል፣ ሎሚውም ብረቱን ሰውነት እንዲቀበለው ይረዳል። ሰላጣና ቆስጣ ስማቸው ራሱ ጣሊያንኛ ነው፤ ዛሬ ግን ያለ እነሱ የጾም በያይነቱ አይሟላም። እንግዳ ቅጠል በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ የገበታ ባለቤት ከሆነ የገዛ ልጃችን ጎመንን መልመዱ የማይቻል አይደለም። ዳጣ የሚፈጨው ከጥሬ ቃሪያ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከበሶብላ ነው፤ ቃሪያው ለሕፃን ባይሆንም አፈጫጨቱ ይሆናል። ጥርሱ ያልጠና ልጅ ቅጠል ማኘክ አይችልም፤ የለጋ ጎመን ቅጠል ከበሶብላ ጋር ደቆ በአቮካዶ ሲለወስ ግን ይውጠዋል፤ የአቮካዶው ቅባትም ቅቤው የሠራውን ይሠራል። አቮካዶ በዚህ ምድር የቅርብ እንግዳ ነው፤ አሁን ግን በሚዛንና በቴፒ በየደጁ ያፈራል። ጁስ ቤት ስፕሪስ የሚጠጣ ልጅ በአቮካዶው ንጣፍ ላይ የሰላጣ ቅጠል ቢፈጭበት ቀለሙን አይጠራጠርም። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ብቻ ማር አይጨመርበት።

ከምግብ አሠራሩ በላይ ግን የሚያሳስበኝ መደቡ ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ከፋን፣ ሸካን፣ ቤንች ሸኮን፣ ዳውሮን፣ ምዕራብ ኦሞንና ኮንታን በአንድ አቅፏል። የከፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010፣ የሸካ ደን በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግበዋል። ደኑን ለዓለም አስመዘገብን። በእያንዳንዱ ቤት ጀርባ ያለውን፣ የሴት እጅ የጠበቀውን፣ የጎመንና የበሶብላ መደብ ግን የሚመዘግበው የለም። በየጓሮው ስንት ዓይነት የሐበሻ ጎመን ዘር በጨርቅ ተቋጥሮ ምድጃ በላይ እንደተሰቀለ፣ የትኛው ምሬቱ እንደሚያንስና ለልጅ እንደሚስማማ የሚያውቁት አሮጊቶች እየሄዱ ነው። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በመካከላችን አለ፤ የቴፒ የግብርና ምርምር ማዕከልም የኮረሪማውን፣ የእርዱንና የጥምዙን ነገር ሲያጠና ኖሯል። ተማሪዎቻቸው አንድ ክረምት ብቻ ማስታወሻ ይዘው ከእነዚህ እናቶች አጠገብ ቢቀመጡ፣ የሚሰበስቡት ዕውቀት ከብዙ መማሪያ መጽሐፍ ይበልጣል።

በዚያች ቀን በሚዛን አማን ገበያ ከእኚያ እናት ጋር ስናወራ አጠገባቸው አንድ የ3 ዓመት ገደማ የልጅ ልጃቸው በጎመኑ ክምር ላይ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። እኔ የልጅ ምግብ እጠይቃለሁ፤ እሳቸው ይመልሳሉ፤ ልጁን ያየው አልነበረም። ከክምሩ አንድ ለጋ አገዳ መዝዞ ልጣጩን በጥርሱ ገፈፈ። አያቱ ንግግራቸውን ሳያቋርጡ አገዳውን ከእጁ ወሰዱ፤ ከጀሪካኑ ውኃ አፈሰሱበት፤ ዳበስ ዳበስ አድርገው መለሱለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና ስለ ጎደሬው የጀመሩትን ቀጠሉ፤ ልጁም አገዳውን እየቆረጨመ ገበያተኛውን ይመለከት ነበር።